በርበሬ ይዤ ቤጂንግን የጎበኘሁበት ሳምንት

ቻይና ልሄድ መሆኑን ለማንም እንዳልናገር ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አውሮፕላን ሊሳፈር ነው የተባለ ሐበሻ ሻንጣው የራሱ አይደለም። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ የሄድኩት ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ወይ ለሰርግ ወይ ለለቅሶ። ስሄድ የሰው መድኃኒት፣ የሰው ጫማ፣ የሰው ስልክ ይዤ፤ ስመለስ የሰው ሽሮና የሰው ቅቤ ይዤ። አንድ ጊዜማ የራሴን ልብስ የማስቀምጥበት አጥቼ ሦስት ሹራብ ደርቤ ተሳፍሬያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሲያየኝ ጊዜ ብርድ አይስማማኝም አልኩት።

ይሄኛው ጉዞ ግን የኔ ነው። ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ውስጥ የሰው አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ዋሽንግተንን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ካርታቸውን አልጋ ላይ ዘርግተው ይወጣሉ፤ እኔ ካርታውን አጥፌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና አንሶላ እቀይራለሁ። አንድ ቀን እኔም ካርታዬን ዘርግቼ፣ አልጋዬን ሳላነጥፍ እወጣለሁ እል ነበር። ለምን ቻይና እንደሆነ ልጄ ደጋግማ ጠይቃኛለች። ዘመድ የሌለኝ አገር ስለሆነ ነው። ለቅሶ የማልደርስበት፣ የእከሊትን ቤት ሳትረግጥ ተመለሰች ተብዬ የማልታማበት አገር ፈለግኩ። በዚያ ላይ ጥቅምት ላይ ጉልበቴ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ቀጠሮ አለው። ታላቁን ግንብ በዚህ ጉልበት ካልወጣሁት በየትኛው ልወጣው ነው?

ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሮክቪል ቢሮ ትሠራለች፤ አማርኛ ጥንቅቅ አድርጋ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን እንግሊዝኛው ይቀድማታል። ትኬቱን፣ ሆቴሉን፣ ለቻይና ስልክ ላይ የሚጫነውን ነገር ሁሉ እሷ አዘጋጀች። ከፋሲካ በኋላ፣ ጾም በሌለበት ወቅት፣ አንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰድን። እኔ የተሰጠኝ ሥራ አፌን መዝጋት ብቻ ነበር።

እሱንም አልቻልኩም። አንድ እሑድ አሌክሳንድሪያ ከቅዳሴ በኋላ ቆመን ስንጫወት አንዷ ስለ ካንኩን ባሕር ታወራለች። አሸዋው እንዲህ ነጭ፣ ውሃው እንዲያ ሰማያዊ፤ ብትጠብቂ ብትጠብቂ አያልቅላትም። «እኛ እንኳ ቤጂንግ ልንሄድ ነው» አልኩ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በሳምንቱ ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ከዚያው ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አሮጊት ቆመዋል። ሰባዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው፤ አሌክሳንድሪያ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በሜትሮ፣ መሀል ላይ ባቡር ቀይረው፣ እስከኔ ቤት ድረስ ብቻቸውን መጥተዋል። ሕፃን የሚያህል ጥቅል በነጠላ አዝለዋል።

«እማማ! ብቻዎን? ይግቡ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«ቻይና ትሄጃለሽ አሉ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው እኮ እማማ፣ ጥድፊያ ነው...»

«ልጄ እዚያ ነው ያለው።»

ጥቅሉን ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። በርበሬ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፤ እያንዳንዱ በላስቲክ፣ ከላይ ደግሞ በቡኒ ፕላስተር ተጠፍንጓል። እምቢ ልል ተዘጋጅቻለሁ። ጉምሩኩ አያስገባም የሚለውን ምላሴ ጫፍ ላይ አድርሼዋለሁ። እሳቸው ግን ስለ በርበሬው አላወሩም።

«ድምፁን ከሰማሁ ስምንት ወር ሆነኝ» አሉኝ። «ሁልጊዜ እሑድ ይጽፍልኛል። ደህና ነኝ እማዬ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው ይላል። ስደውል አያነሳም። ጽሑፍ ማንም ይጽፋል፣ ልጄ። መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ አንቺም ታውቂያለሽ። ያቺ ልጄ ደህና ነው ደህና ነው ትለኛለች፣ ዓይኔን ግን አታየኝም። ለስኳሬ ብለው ደብቀውኝ ቢሆንስ? በርበሬው ሰበብ ነው። በዓይንሽ እይልኝና ንገሪኝ።»

ምን ልበል? እኔ ራሴ ወንድሜ ሞቶ ሦስት ሳምንት ተደብቆብኛል። እኔ ራሴ የሰው መርዶ ይዤ፣ ቀኑ እስኪደርስ በስልክ ስስቅ ከርሜያለሁ። ድምፁ የጠፋን ሰው ሁሉ ሞቶ ይሆናል ብለን የምንጠረጥረው በከንቱ አይደለም፤ መርዶ መደበቁን ራሳችን ስለምናውቅበት ነው። «አይቼው እመጣለሁ እማማ፣ ዕቃውም ከእጄ አይወጣም» አልኳቸው። የልጃቸውን ስልክ ቁጥር ሰጡኝ፤ ጻፍኩለት፤ «እሺ፣ ሲደርሱ ይጻፉልኝ» ብሎ መለሰ።

ቤጂንግ በደረስን ማግስት ጠዋት ልጄ ከሻወር ስትወጣ በሳቅ ወደቀች። አልጋዬን አንጥፌ፣ የአንሶላውን ማዕዘን አጥፌ፣ ትራሱን መትቼ ጨርሻለሁ። እጄ ነው የሠራው፣ እኔ አላወቅኩም። ተናድጄ መልሼ በታተንኩት። በሚቀጥለው ቀን እጄን ከአልጋው ለማራቅ ቡናዬን ኮሪደር ወጥቼ ጠጣሁ።

ከሆቴሉ ስንወጣ ጥቅሉን በጀርባ ቦርሳ ይዤ ነበር፤ የእማማ ልጅ በየትኛውም ሰዓት ይምጡ ብሎ ቢጽፍልኝ ብዬ። ቤጂንግ ሜትሮ ስትገባ ግን የያዝከው ሁሉ በማሽን ውስጥ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ጣቢያ። ውሃ ከያዝክ ጠባቂዎቹ ፊት ትቀምሰዋለህ። የመጀመሪያው ጣቢያ ላይ አንዷ ጠባቂ ቦርሳዬን አስከፈተችኝ፣ የበርበሬውን ጥግ ላላ አድርጋ አሸተተችው፣ አስነጠሳት። ጓደኛዋ ምንድነው ብሎ ጠጋ ሲል እሱንም አስነጠሰው። ልጄ ስልኳ ላይ ልታስተረጉም ትጣደፋለች። እኔ ውሃው እንደሚቀመሰው ጣቴን ነክሬ በርበሬውን ቀመስኩላቸው። ሳቁ፣ አለፍን። ቀኑን ሙሉ በየጣቢያው ስቀምስ ውዬ ማታ ከንፈሬ ይነደኛል።

የሰማይ ቤተ መቅደስ የሚሉት ቦታ ትልቅ መናፈሻ ውስጥ ነው። ቤተ መቅደሱ ክብ ነው፣ ጣሪያው ሰማያዊ፣ በእውነት ያምራል፤ እኔ ግን ዓይኔን የያዙት ከዛፉ ሥር ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው። ካርታ ይጫወታሉ፣ ላባ የተሰካበት ነገር በእግራቸው እየመቱ ይቀባበላሉ። አንዲት በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት እግሯን አንስታ አጥር ላይ ሰቅላ ቁጭ ብድግ ትላለች። ጉልበቴን እያሸሁ ሳያት ቆየሁ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ወጣት መጥታ አብረን ፎቶ እንነሳ አለችኝ። ከእሷ ኋላ ሌላዋ፣ ከዚያም ከነባሏ አንዷ። ልጄ ተበሳጨች። «ማሚ፣ ዊርድ ነው፣ ደስ አይልም፣ እንሂድ» ትላለች። እኔ ደስ ብሎኛል። ዋሽንግተን ውስጥ ቱሪስት ፎቶ አንሽኝ ይለኛል እንጂ አብረሽኝ ተነሺ ብሎኝ አያውቅም።

ማታ ለልጁ ጻፍኩለት፦ «ደርሰናል። የት እንገናኝ?»

«እንኳን ደህና መጡ። እኔ ያለሁት ጓንዡ ነው። ለሆቴሉ ሰዎች ይተዉልኝ፣ በፖስታ አስልከዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ጓንዡ የት ነው አልኳት ልጄን። ካርታውን ከፍታ ስልኩን አዞረችልኝ። በፈጣን ባቡር ስምንት ሰዓት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ማያሚ ብንሄድ እንኳ ያን ያህል አንርቅም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ሲያትል ላለ ሰው ዕቃ ሰጥተው «ስታልፊ ጣል አድርጊለት» ሲሉኝ ስንት ዓመት ስቄባቸዋለሁ! እሳቸው ቻይና አሉኝ፣ እኔ ቻይና ልሄድ ነው፤ የትኛው ከተማ ብዬ ሳልጠይቅ ሕፃን የሚያህል ጥቅል ተቀብዬ ባሕር ተሻገርኩ። ልጄ ሳቀችብኝ። ይገባኛል።

በሁለተኛው ቀን ደወልኩለት። አያነሳም። ቆይቼ ደወልኩ፣ አሁንም የለም። «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ጻፈ። የድሮ ሰፈር ጠባብ መንገዶችን ስናይ፣ ልጄ ዳክዬ ስትበላ እኔ ቲማቲም በእንቁላል ስበላ፣ ስልኩን እያነሳሁ የጻፈውን አነባለሁ። ዳክዬ አልበላም፣ ያሳደጉኝ ሰዎች አይበሉትም ነበር። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፣ ትሕትና ሞልቶታል። ንጽሕናው አስፈራኝ። እናቱ ስለላኩለት በርበሬ አንድ የደስታ ቃል የሌለው ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው? እውነት ሌላ ሰው ቢሆንስ የሚጽፈው?

«ማሚ፣ ይሄ የኛ ቬኬሽን ነው» አለችኝ ልጄ። «ሪሴፕሽን ላይ ተዪለት። ይጽፍልሽ የለ? ሶ ሂ ኢዝ አላይቭ፣ በሕይወት አለ።»

«ሪሴፕሽን ዓይን የለውም» አልኳት። «በዓይንሽ እይልኝ ነው የተባልኩት።»

«ግንቡንስ?»

«ግንቡንም እወጣለሁ፣ ልጁንም አያለሁ።» ይህን ስል እንዴት እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ብቻ ከሁለቱ አንዱን እንድተው የሚያደርገኝ ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ግንቡ ጋ ሄድን። ግንቡ ሥር ድረስ በገመድ ላይ በሚንጠለጠል መኪና ያወጡሃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የራስህ ጉዳይ ነው። ደረጃው እኩል አይደለም። አንዱ ጉልበቴ ድረስ ይመጣል፣ ቀጥሎ ያለው የእጅ መዳፍ አያክልም። ግድግዳውን ተደግፌ፣ ጎን ለጎን እየሆንኩ ወጣሁ። አንደኛው ማማ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬን ወጥሮታል። ልጄ «ኢናፍ፣ ማሚ፣ ፕሊስ» አለች። «እዚያ ያለው ማማ ስንተኛ ነው?» አልኳት። አራተኛ አለችኝ። «እሱን ወጥቼ ነው የምወርደው።» አራተኛው ላይ ደርሼ መስኮቱ ሥር ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ግንቡ በተራራው ላይ ሽቅብ ቁልቁል እያለ ይሄዳል፣ መጨረሻው አይታይም። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ደስታ ለብቻዬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያኔ ደግሞ እኚያ ሴት በነጠላ አዝለው በሬ ላይ የቆሙት መጡብኝና ስልኬን አወጣሁ።

«ልጄ፣ ግንቡ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልህ» አልኩት። «እናትህ በሕይወት መኖርህን አያምኑም። ዕቃህን ለማንም አልሰጥም። ካላየሁህ አሌክሳንድሪያ ተመልሼ አላየሁትም ብዬ ነው የምነግራቸው። ያንን ሲሰሙ የሚሆኑትን አንተ ታውቃለህ።»

ጭካኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ላኪ የሚለውን ከመጫኔ በፊት ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩም።

ያን ቀን አልመለሰም። በማግስቱም እስከ ማታ ዝም አለ። እራት ላይ ስልኬ ጮኸ፦ «በሌሊቱ ባቡር ተሳፍሬያለሁ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ምዕራብ ባቡር ጣቢያ እደርሳለሁ።»

ልጄ አንብባ ፊቷ ተለወጠ። የጥንት ነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ቀጠሯችን ነገ ጠዋት ነው። ትኬቱ በፓስፖርት ቁጥር ነው የሚያዘው፤ ለሌላ ቀን አይቀየርም፣ በቀሩት ቀናት ደግሞ ቦታ የለም። እሷ ትኬቱ በሚለቀቅበት ደቂቃ ከሥራ ቦታዋ ሆና ተሻምታ ነው ያገኘችው።

«ከሰዓት በኋላ አድርገው በዪው» አለች።

«ልጁ አንዴ ተሳፍሯል። ሰዓት ቀይር ብለው ሰበብ አግኝቶ መንገድ ላይ ይወርድብኛል።»

«ሶ ቤተ መንግሥቱን አታዪም ማለት ነው።»

«አንቺ ታያለሽ። ሁሉንም ቪዲዮ አድርጊልኝ፣ በሩን፣ ዙፋኑን፣ ሁሉንም።» ከፋኝ፣ አልዋሽም። ያንን ግቢ በቴሌቪዥን ካየሁበት ቀን ጀምሮ እመኘው ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ትንሽ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ጠዋት ታክሲ ይዤ ጣቢያው ደረስኩ። የሰዉ ብዛት አይነገርም። ጥቅሉን አቅፌ መውጫው ፊት ለፊት ቆምኩ። ከቆምኩበት ቦታ ላለመነቃነቅ ሻንጣ የሚጎትት ሁሉ ሲገፋኝ እኔም ገፋሁ። ሦስት ሰዓት አለፈ። ሦስት ተኩል ሆነ። ቀረ፣ አልኩ፣ የለም ማለት ነው። ለእናቱ የምናገረውን የመጀመሪያ ቃል መፈለግ ጀመርኩ፣ አጣሁት።

ከዚያ አየሁት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሙቀት ሆኖ ሳለ አንገቱ ላይ ስካርፍ የጠመጠመ ሐበሻ ልጅ። እሱም አየኝ፤ ማንን እንደሚፈልግ መጠየቅ አላስፈለገውም። መጥቶ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ሕይወት አለው፣ ይሞቃል፣ ላብ ላብ ይላል። እፎይታው ወዲያው ወደ ንዴት ተለወጠብኝ።

«አንተ! እናት አይደሉም እንዴ? በሜትሮ ሁለት ባቡር ይዘው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ አዝለው እኮ ነው የመጡት! አንድ ደቂቃ ደውሎ እማዬ ማለት ምን ያህል ያደክማል?»

ዝም አለኝ። ዝም ሲል ጭራሽ ባሰብኝ፣ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ ሰው ዞሮ አየን። እጁን አንስቶ ስካርፉን ፈታው። አንገቱ ላይ ከአንድ ጎን እስከ ሌላው የሚደርስ የተሰፋ መስመር አለ። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ነገር ድምፅ አይባልም። ወረቀት በወረቀት ሲታሽ የሚሰማው ነው። ለመስማት ጆሮዬን ወደ አፉ ማስጠጋት ነበረብኝ።

«እንቅርት ነበር» አለኝ። «ቀላል ኦፕራሲዮን ነው አሉኝ። የድምፄን ነርቭ ነኩት። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ይላሉ።»

ጥግ ይዘን ቁጭ አልን። ቀስ በቀስ፣ እየደከመው፣ ነገረኝ። ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ነጋዴዎች በየፋብሪካው እየዞረ ያስተረጉም ነበር፤ በአፉ ነበር የሚበላው። አሁን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያሽጋል። እህቱ ታውቃለች፤ እንዳትናገር አስምሏታል።

«እማዬ ይሄን ድምፅ ብትሰማ ትሞትብኛለች» አለኝ።

«ሳይሰሙ ነው እየሞቱ ያሉት» አልኩት።

ፎቶ ያንሱኝና ያሳዩዋት አለ። ወፍሯል፣ ደህና ነው ይበሏት አለ። ለአፍታ ያህል አሰብኩት። ስንቱን «ወፍሯል፣ አምሮበታል» ብዬ ለስንቷ እናት ነግሬያለሁ፤ ያልወፈረውን ሁሉ። ለእኚህ ሴት ግን እንደዚያ ያለ ወሬ ስምንት ወር ሙሉ ደርሷቸዋል፣ አልጠቀማቸውም። ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት፣ እንዳይነሳ ክንዱን ያዝኩት፣ በቪዲዮ ደወልኩ። እዚያ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል።

አንድ ጊዜ እንደጠራ አነሱ። መጀመሪያ የታየን ግንባራቸውና የቤታቸው ጣሪያ ነው።

«አየሽው?» አሉኝ። ሰላም አላሉም።

ስልኩን አዞርኩት። ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። ከዚያ «እሱ ነው? ልጄ ነው?» አሉ። ልጁ እያለቀሰ ራሱን ነቀነቀ።

«ለምን አይናገርም? ምን አድርገውት ነው? ተናገር እንጂ!»

«እማማ፣ አንገቱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ድምፁ ተጎድቷል» አልኩ። «ሌላው ሁሉ ደህና ነው። አጠገቤ ነው ያለው፣ ክንዱን ይዤዋለሁ።»

ልጁ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ወደ አፉ አስጠጋው። «እማዬ» አለ።

ጣቢያው በሰው ጫጫታ ይናጣል፤ እኔ እንኳ አጠገቡ ሆኜ በጭንቅ ነው የሰማሁት። እሳቸው እዚያ ቤት ላሉት «ቴሌቪዥኑን አጥፉት! ዝም በሉ!» ብለው ጮኹ። «በል ድገመው» አሉት። ስልኩን እንደ ድሮ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት፣ ስክሪኑም በጆሯቸውና በሽበታቸው ተሞላ።

«እማዬ» አለ።

«ለዚህ ነው?» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰበረ። «ለዚህ ነው እንዴ ስምንት ወር ሙሉ የገደልከኝ? በል፣ እንደገና በለኝ።»

እሱም ስክሪኑን ለሞላው ጆሮ «እማዬ» አለ፤ ደግሞ አለ፤ እስኪበቃቸው ድረስ አለ።